ያለ ንግግር የሚሠራ አገር ይኖራል ወይ? የጠየቅኩትና የተመለሰልኝ

ሰላም ቤቶች። መጀመሪያ ለምን እንደጠየቅኩ ልናገር። የምሠራው ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ ትልቅ መጋዘን ነው፣ የድርጅቱ ስም ይቅር፣ ማታ ገብቼ ጠዋት እወጣለሁ። እጄ ላይ ስካነር አለ። የመደርደሪያ ቁጥር ያወጣልኛል፣ እሄዳለሁ፣ ባርኮዱን አስነካለሁ፣ ጢጥ ይላል፣ ልክ ከሆነ አረንጓዴ ከተሳሳትኩ ቀይ ይበራል፣ ከዛ ሌላ ቁጥር ይመጣል፣ በቃ እንደዛ እያለ ይነጋል። አንድ ቀን ጠዋት ፈረቃዬን ጨርሼ መኪና ውስጥ ስገባ እናቴ ከአዲስ አበባ ደወለች፣ ሃሎ ልላት አፌን ስከፍት ድምፄ አልወጣ አለ። ለካ አሥር ሰዓት ሙሉ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። በዛች ሌሊት ግን ስንትና ስንት ሺህ ዕቃ ከዛ ቤት ወጥቶ ወደየሰዉ በር ሄዷል፣ ምንም የጎደለ ነገር አልነበረም።

ቤት ደርሼ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ይሄን የውይይት ክር ከፈትኩ። ጥያቄው እንዲህ ነው። በጣም የሠለጠነ ማኅበረሰብ፣ መብራቱም ባንኩም ሆስፒታሉም በደንብ የሚሠራ፣ የዕለት ተዕለት ቋንቋ ሳይኖረው መኖር ይችላል ወይ? ቁጥር ይኑር፣ ኮድ ይኑር፣ ፎርሙላና ምልክት ይኑር። የሌለው እንዴት አደርክ የምንባባልበት፣ እስቲ ያንን ነገር አቀብለኝ የምንልበት፣ ኧረ ተው ብለን የምንከራከርበት ቋንቋ ነው። እኔ በዛ ጠዋት ይቻላል ባይ ነበርኩ፣ እንደዛም ብዬ ጻፍኩ።

38 መልስ መጣ። ብዙ ሰው መሀል ላይ እየገባ ከላይ ያለውን ሳያነብ ስለሚጠይቅና የተወሰኑት ስለጠፉ ማን ምን እንዳለ በራሴ ቃል ልዘርዝርላችሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው።

መልስ 1 በጣም ጨዋ ነበር፣ ጥያቄውን አመስግኖ ከኔ ጋር ተስማማ፣ ምሳሌው ጉንዳን ነው። በደቡብና መካከለኛው አሜሪካ ቅጠል እየቆረጡ ጉድጓዳቸው ውስጥ ፈንገስ የሚያለሙ ጉንዳኖች አሉ፣ አንዱ መንጋ ብቻውን ሚሊዮኖች ይደርሳል፣ እርሻ አላቸው፣ ቆሻሻ የሚጥሉበት ቦታ አላቸው፣ የሥራ ክፍፍል አላቸው፣ የሚግባቡት በአብዛኛው በጠረን ነው። መልስ 2 እሱ ላይ ንብን ጨመረበት፣ ካርል ፎን ፍሪሽ በ1973 ኖቤል ካገኘባቸው ሥራዎች አንዱ ንብ እየጨፈረች አበባው በየት አቅጣጫና ምን ያህል ርቀት ላይ እንዳለ ለጓደኞቿ እንደምትናገር ማሳየቱ ነው አለ። እኔም ደስ ብሎኝ እያነበብኩ ሳለ መልስ 3 መጣና ደስታዬን አቀዘቀዘው። ንብ ስለ ምግብ ትጨፍራለች፣ ስለ ውሃ ትጨፍራለች፣ ስለ አዲስ ቤትም ትጨፍራለች፣ ስለ ጭፈራው ግን መጨፈር አትችልም ነው የሱ ነጥብ። ትናንት የነገርሽኝ ልክ አልነበረም፣ ከዛሬ ጀምሮ አጨፋፈራችንን እንቀይር ማለት የላትም። ሰው ግን በቋንቋው ስለ ቋንቋው ያወራል። ይቺን ያኔ አልፌያት ነበር፣ አሁን መለስ ብዬ ሳየው ከዛ በኋላ የመጣው ሁሉ እሷኑ ሲያብራራ ነው የዋለው።

መልስ 4 የሚጀምረው በቁጣ ነው፣ እውነትም ነበረው። ወንድማችን መስማት የተሳነው ነው። የኔ መክፈቻ ድምፄ አልወጣም ብሎ ጀምሮ ስለ ቋንቋ መጥፋት ማውራቱ ዝምታንና ቋንቋ ማጣትን አንድ አድርጎ እንደቆጠረ፣ እሱ ዕድሜውን ሙሉ በአፉ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይናገር ከጓደኞቹ ጋር ሲከራከር፣ ሲያሽሟጥጥ፣ ሲቀልድና ሲታረቅ እንደሚውል ጻፈ። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ የራሱ ሰዋስው እንዳለው፣ ፊደላችንንም በጣት ሲጽፉት የእጁ ቅርፅ ተነባቢውን ይዞ እንቅስቃሴው ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉትን ሰባቱን እንደሚለይ አስረዳ። እኔ ይሄን አላውቅም ነበር፣ እዛው ክሩ ላይ ይቅርታ ጠየቅኩት፣ አሁንም እደግመዋለሁ።

ከዛ ትንሽ በረድ አለና ስለ ኒካራጓ ጻፈ። እዛ ከ1970ዎቹ መጨረሻ በፊት መስማት የተሳናቸው ልጆች አብዛኞቹ በየቤታቸው ተለያይተው ነበር የሚያድጉት፣ ከቤተሰብ ጋር በእጅ ጥቆማ ከመግባባት በቀር ቋንቋ የላቸውም። ከ1979ኙ አብዮት በኋላ ማናጓ ውስጥ ብዙዎቹ አንድ ላይ ትምህርት ቤት ገቡ። አስተማሪዎቹ የሚፈልጉት ስፓኒሽ ከከንፈር እንዲያነቡ ነው፣ እሱ ብዙም አልተሳካም። ልጆቹ ግን በእረፍት ሰዓት ሜዳ ላይና አውቶብስ ውስጥ የየራሳቸውን ጥቆማ እያዋጡ አንድ አደረጉት፣ ትንንሾቹ ተከትለው ሲመጡ ደግሞ ከታላላቆቹ የበለጠ የተወሳሰበ ሰዋስው ጨመሩበት። በ1986 ጁዲ ኬግል የምትባል አሜሪካዊት የቋንቋ ባለሙያ ሄዳ ስታይ ማንም ያላስተማራቸው ቋንቋ ነው ያገኘችው። የሱ ድምዳሜ፣ ማኅበረሰብ ያለ ዕለታዊ ቋንቋ መኖር ይችላል ወይ ብሎ ከመጠየቅ በፊት ቋንቋ እንዳይኖር ማድረግ ይቻላል ወይ ብሎ መጠየቅ ነው፣ ልጆች አንድ ላይ ካሉ በዕረፍት ደወል መሀል ይፈጥሩታል። እኔን መጀመሪያ ያነቃነቀኝ ይሄ ነው።

መልስ 5 የምልክት ቋንቋ በዓለም ሁሉ አንድ አይደለም ወይ ብላ ጠየቀች፣ መልስ 6 ላይ ወንድማችን አይደለም አላት፣ አሜሪካና እንግሊዝ ሁለቱም እንግሊዝኛ እየተናገሩ የምልክት ቋንቋቸው ግን የተለያየ ነው፣ ይሄ ጥያቄ ደግሞ ሰልችቶኛል ብሎ ጨመረ። መልስ 7 ቀስ በል፣ ልጅቷ ለማወቅ ነው የጠየቀችው ብሎ ሸመገለ።

መልስ 8 ረጅም ነበር፣ ታሪክ የሚወድ ሰው ነው፣ ከክሩ ሁሉ ቁጭ ብዬ ደጋግሜ ያነበብኩት እሱን ነው። ያለ ቋንቋ የሚሠራ ነገር ፍለጋ ፈረንጅ አገር አትሂዱ፣ አክሱም ነበር ብሎ ጀመረ። በ6ኛው ክፍለ ዘመን አዱሊስ ድረስ የመጣው ግሪክኛ ጸሐፊ ኮስማስ እንደጻፈው የአክሱም ንጉሥ በየሁለት ዓመቱ በአገው ገዢ በኩል ነጋዴዎች ሳሱ ወደሚባል ወርቅ ያለበት አገር ይልካል፣ ሌሎችም ይከተላሉ፣ ከ500 ሰው በላይ ይሆናሉ። በሬ፣ አሞሌ ጨውና ብረት ይዘው ይሄዳሉ። እዛ ሲደርሱ እሾህ ቆርጠው ትልቅ አጥር ያጥሩና ውስጡ ይሰፍራሉ፣ በሬውን አርደው ሥጋውን እሾሁ ላይ ያስቀምጣሉ፣ ጨውና ብረቱንም እንደዛው። የአገሩ ሰዎች አተር የሚያካክል ወርቅ ይዘው ይመጡና የወደዱት ዕቃ ላይ አንድም ሁለትም ፍሬ አስቀምጠው ራቅ ይላሉ። ባለ ዕቃው ይመጣል፣ ከተስማማው ወርቁን ያነሳል፣ ያኛው ደግሞ መጥቶ ሥጋውን ወይ ጨውን ይወስዳል። ካልተስማማው ወርቁን እንዳለ ይተወዋል፣ ሰውየው ተመልሶ ሲያይ ወይ ይጨምራል ወይ ወርቁን ይዞ ይሄዳል። አንድ ቃል የለም። ምክንያቱም ቋንቋቸው ይለያያል፣ አስተርጓሚ ደግሞ የለም። አምስት ቀን ያህል እንደዛ ይነግዱና ይመለሳሉ፣ ጉዞው በጠቅላላ ስድስት ወር ይፈጃል።

ቆሜ አሰብኩት። አክሱም ተራ አገር አይደለችም፣ የራሷን ገንዘብ የምታትም፣ በቀይ ባሕር የምትነግድ መንግሥት ናት፣ ወርቋን ደግሞ ቢያንስ በከፊል እንደዚህ ነው የምታመጣው። ይኸው አልኩ፣ አሸነፍኩ መሰለኝ።

መልስ 9 የሶማሌ ክልል ልጅ ነው፣ በግመል ገበያ ደላላ እጁን በጨርቅ ሸፍኖ ከገዢው ጋር በጣት ብቻ ዋጋ እንደሚጨርስ፣ አጠገባቸው የቆመ ሰው ስንት እንደተባባሉ እንደማያውቅ ጻፈ። መልስ 10 ምርት ገበያን አነሳ፣ በ2008 ሲጀመር ሰዉ ወለሉ ላይ ቆሞ እየጮኸ መዳፍ ለመዳፍ ተማትቶ ነበር የሚዋዋለው፣ በ2015 ወደ ኮምፒውተር ሲገባ ጩኸቱ ቀረ አለ፣ ግን እንደሱ አባባል ነገሩ ጸጥ አላለም፣ ወሬው ወደ ስልክ ሄደ። መልስ 11 የአክሱሙንና የግመሉን መልስ አንድ ላይ አረማቸው፣ ትንሽ የአስተማሪ ቃና ነበረው፣ የተናገረው ግን ትክክል ነው። ግመሉ ገበያ ላይ ጨርቁ የሚሸፍነው ዋጋውን ብቻ ነው፣ የግመሉ ጥርስ፣ ዘሩ፣ ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደሚዋስ፣ እሱ ሁሉ ቀድሞ በአፍ ተወርቷል። አክሱምንም በተመለከተ፣ መጀመሪያ ኮስማስ ያየውንም ከነጋዴ የሰማውንም አደባልቆ እንደሚጽፍ ራሱ ይናገራል፣ ሁለተኛ ዝምታው ያለው የእሾሁ አጥር ላይ ብቻ ነው። ከአጥሩ ወዲህ 500 ሰው አለ። ማን መቼ ይነሳል፣ በሬው የማን ነው፣ ዝናብ ሳይመጣ መንገድ ላይ ሽፍታ ሳይዘን በየት እንመለስ፣ ይሄ ሁሉ ምክር ነው። ከአጥሩ ወዲያም ያሉት ሰዎች እርስ በርስ እያወሩ ነው። ዳር ላይ ያለው ዝምታ መሀል ላይ ባለው ወሬ ነው የቆመው ብሎ ጨረሰ። የድሌ ዕድሜ አንድ ሰዓት አልሞላም።

መልስ 12 ነገሩን ወደ አማርኛ አዞረው። ዕለታዊ ቋንቋ ቢቀር ይሻላል፣ በተለይ የኛ፣ ምክንያቱም ሰምና ወርቅ እያልን አንዱን ብለን ሌላውን እናስባለን አለ። ዶናልድ ሌቪን የሚባለው አሜሪካዊ የሶሲዮሎጂ ምሁር በ1965 ሰምና ወርቅ ብሎ በሰየመው መጽሐፉ ይሄ የአማራ ድብቅ አነጋገር ለባሕላዊው ኑሮ ብዙ ጥቅም እንዳለው፣ ለዘመናዊ አሠራር ግን እንቅፋት እንደሚሆን ጽፏል ብሎ ጠቀሰ። መልስ 13 ተናደደች፣ በጣም ነው የተናደደችው፣ የገዛ ቋንቋውን የሚንቅ ሰው ምን ይባላል ብላ ሌላም ብዙ ነገር ጨመረች። መልስ 14 የሥነ ጽሑፍ አስተማሪ ናቸው፣ ሁለቱንም አበረዱ። ግልጽ ያልሆነ ንግግር ሰው ጌታውን ፊት ለፊት መናገር በማይችልበት ዘመን የተናገረበት መንገድ ነው፣ ሰሙን ለጌታው ወርቁን ለሰሚው፣ ስለዚህ ችግሩ ቋንቋው ሳይሆን የጌታው ጆሮ ነው ብለው አስቀመጡት። እኔ በዚህ ተስማምቻለሁ። ከመልስ 15 እስከ 17 ፖለቲካ ሆነ፣ አድሚኑ አጠፋቸው፣ ጥሩ አደረገ።

መልስ 18 ነርስ ናት። ስትሮክ የመታቸው ሰዎች ታስታምማለች። የአንጎላቸው የግራ ክፍል ተጎድቶ መናገርም ንግግር መረዳትም ያቃታቸው አንድ አባት ነበሩ፣ ስማቸውን እንኳ መጥራት አይችሉም፣ ዳማ ላይ ግን ማንም አያሸንፋቸውም፣ ስትሳሳት እያዩ ራሳቸውን ይነቀንቁባት ነበር። ኤምአይቲ ያለችው ኤቭሊና ፌዶሬንኮ ከሁለት ባልደረቦቿ ጋር በ2024 ኔቸር መጽሔት ላይ የጻፈችውንም ነገረችን፣ አንጎል ውስጥ ቋንቋን የሚሠራው ክፍል ሂሳብና አመክንዮ ከሚሠራው የተለየ ነው፣ ቋንቋ ዋና ሥራው ማሰቢያ ሳይሆን መግባቢያ ነው የሚል ነው። ታዲያ ያለ ቋንቋ ማሰብ ከተቻለ ያለ ቋንቋ መኖርም ይቻል ይሆናል ብላ ወደኔ አደላች።

መልስ 19 አከበራትና ተቃወማት። እኚያ አባት ዳማ የሚጫወቱት መድኃኒታቸውን የሚጠይቅላቸው፣ ከሐኪም ጋር የሚያወራላቸው ሰው ስላለ ነው፣ ዳማውንም የተማሩት ድሮ ቋንቋ እያላቸው ነው አለ። ከዛ መልስ 4 ወዳነሳው አገር ተመለሰ፣ በ2011 የታተመ ጥናት ላይ ኒካራጓ ውስጥ ትምህርት ቤት ያልደረሱ፣ ምንም የጋራ ቋንቋ ሳያገኙ ያደጉ ትልልቅ ሰዎች ተጠንተዋል፣ ይሠራሉ፣ ገንዘብ ይዘው ገበያ ይወጣሉ፣ ግን ከሦስት በላይ የሆነን ነገር በትክክል ቆጥረው ማዛመድ ይቸግራቸዋል፣ ስድስት ዕቃ ስታሳያቸው ወደ ስድስት የሚጠጋ ነገር ነው የሚያሳዩህ። ቁጥር ይበቃናል ለምንል ሰዎች ይሄ ከባድ ነገር ነው፣ ቁጥሩ ራሱ በቋንቋ ተሸክሞ ነው የመጣው ማለት ነው። መልስ 20 ላይ መስማት የተሳነው ወንድማችን ተመልሶ መጣና አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቀ፣ እነዛ ሰዎች የጎደላቸው ጆሮ ሳይሆን የተነፈጉት ቋንቋ ነው፣ እንደዛ ተብሎ ይጻፍ። እንደዛ ብዬ ጽፌዋለሁ።

መልስ 21 ሶፍትዌር የሚሠራ ልጅ ነው። በ2016 ኢቴሪየም በሚባለው የዲጂታል ገንዘብ መረብ ላይ ዘ ዳኦ የሚባል ፈንድ ተቋቁሞ ነበር፣ ሥራ አስኪያጅ የለውም፣ ቢሮ የለውም፣ ኮዱ ራሱ ውል ነው፣ የሰው ማብራሪያና ኮዱ ቢለያዩ የሚጸናው ኮዱ ነው ተብሎ ተጽፎ ነበር። ሰኔ ላይ አንድ ሰው ኮዱ ውስጥ ክፍተት አገኘና የመረቡ ገንዘብ የሆነውን ኢተር፣ 3.6 ሚሊዮን ያህል፣ ወደ ሌላ ቦታ አዞረ። ኮዱ አልተሰበረም፣ የተጻፈለትን ነው የሠራው። ታዲያ ይሄ ስርቆት ነው ወይስ አይደለም? ኮዱ መልስ የለውም። ሰዎቹ ከአንድ ወር በላይ ልክ እንደኛ በጽሑፍ ተጨቃጨቁ፣ ማታለል ነው፣ የለም ውሉን ተጠቅሟል፣ ቃላችን ምን ነበር እየተባባሉ፣ መጨረሻ ላይ ሐምሌ ውስጥ መዝገቡን ቀይረው ገንዘቡን አስመለሱት፣ ያልተስማሙት ደግሞ በድሮው ቀጠሉ፣ ለሁለት ተከፈሉ። ልጁ በጣም ቁምነገረኛ ነው፣ ራሱ ኮድ ወዳድ ሆኖ ሳለ ኮድ የተስማማንበትን ይፈጽማል እንጂ ምን ላይ እንደተስማማን አይነግረንም ብሎ ጻፈ። መልስ 22 በአጭሩ የ1999ኙን የማርስ መንኩራኩር ጠቀሰ፣ አንዱ ቡድን በፓውንድ አስልቶ ሌላው በኒውተን ጠብቆ የጠፋውን፣ ቁጥሩ ሁሉ ደርሷል፣ የምን ቁጥር እንደሆነ ነው ያልደረሰው። መልስ 23 ፌስቡክ በ2017 የራሳቸውን ቋንቋ ፈጠሩ ብሎ ፈርቶ የዘጋቸውን ሮቦቶች አመጣ፣ መልስ 24 ወሬ ነው አለው፣ ፈርተው አልዘጉትም፣ እንዲደራደር የተሠራው ፕሮግራም እንግሊዝኛውን ስላበላሸና ለሰው ስለማይጠቅም ነው ያስተካከሉት።

መልስ 25 አቪዬሽን ውስጥ የሠራ ሰው ነው። ሰማይ ላይ ዕለታዊ ቋንቋ ማለት አደጋ ነው፣ ለዛ ነው ፓይለትና ታወር በተወሰኑ ቃላት ብቻ የሚነጋገሩት ብሎ ጀመረና በስፔኗ ደሴት ቴኔሪፍ የደረሰውን የአውሮፕላን አደጋ ተረከ። ማርች 27 ቀን 1977፣ ጭጋግ፣ ሁለት ቦይንግ 747 አንድ መንደርደሪያ ላይ፣ የሆላንዱ የኬኤልኤምና የአሜሪካው የፓን አም። የኬኤልኤም ሰዎች አሁን ቴክኦፍ ላይ ነን የሚል ነገር በሬዲዮ ተናገሩ፣ ታወሩ ለመነሳት ዝግጁ ሆነው ቆመዋል ብሎ ተረዳው፣ እሺ አለ፣ ቀጥሎ ጠብቁ ያለው ደግሞ ከሌላ ጥሪ ጋር ተጋጭቶ ፉጨት ሆነ። 583 ሰው አለቀ። ከዛ በኋላ ቴክኦፍ የሚለው ቃል ፈቃድ ሲሰጥ ወይም ሲሰረዝ ብቻ እንዲባል ተደረገ። መልስ 26 ወዲያው ዘሎ ገባ፣ በቃ አለቀ፣ ወሬ ገደላቸው፣ ኮድ ቢሆን ኖሮ ይተርፉ ነበር፣ እዚህ ሰዓት የምታባክኑት ለምንድነው ብሎ ትንሽ ሰደበን።

መልስ 27 ላይ የአቪዬሽኑ ሰው ተመለሰ፣ አልሰደበም፣ ግን ጠንከር ያለ ነበር። ያላለቀ ነገር አለ አለው። የኬኤልኤም አውሮፕላን መንደርደር ከጀመረ በኋላ ኮክፒት ውስጥ የበረራ መሐንዲሱ በገዛ ቋንቋቸው በደች፣ ያ ፓን አም ከመንደርደሪያው አልወጣም እንዴ የሚል ነገር ጠይቋል። ተቀርጿል። ካፒቴኑ ኧረ ወጥቷል ብሎ በእርግጠኝነት መለሰለት፣ መሐንዲሱ ድጋሚ አልጠየቀም። በኮዱ ውስጥ ለጥርጣሬ የሚሆን ቃል አልነበረም፣ ጥርጣሬው የወጣው በቤት ቋንቋ ነው፣ ያን ጥያቄ ማዳመጥ ነበር የሚያስፈልገው። ከዛ ወዲህ ነው አየር መንገዶች በታች ያለው ሰው አለቃውን ቆይ የሚልበትን፣ አለቃውም የሚሰማበትን ሥልጠና ማስተማር የጀመሩት። እዚህ ላይ ስካነሬ ትዝ አለኝ። ስካነሩ ይነግረኛል፣ እኔ ግን ለስካነሩ ቆይ ማለት አልችልም፣ አረንጓዴና ቀይ ብቻ ነው ያለን፣ ሁለቱም ደግሞ የሱ ናቸው። ዕቃው ልክ ሆኖ መደርደሪያው ላይ የተለጠፈው ቁጥር ከተሳሳተ ቀይ የሚበራው እኔ ላይ ነው።

መልስ 28 አንድ አባት ናቸው፣ ልጆቼ ብለው ጀምረው ስለ ባቢሎን ግንብ ጻፉ፣ እግዚአብሔር ግንቡን ያስቆመው ጡቡን አፍርሶ ሳይሆን ቋንቋቸውን ደበላልቆ እንደሆነ አስተውሉ አሉ፣ ጡቡም ጭቃውም ዕውቀቱም እዛው ነበረ። መልስ 29 ሃይማኖት አታምጡብን አለ፣ መልስ 30 ደግሞ ታላቅን እንዲህ አይናገሩም ብላ ገሠጸችው፣ ጥቂት ሰዎች ስለ መነኮሳት አርምሞ አወሩና ርዕሱ ጠፋ። እኔ ዝም ልል ነበር ግን የአባታችን ነገር ቀላል አይደለም።

ከዛ መልስ 31 መጣ። እህታችን ቤይሩት ሠርታ የተመለሰች ናት። በ19 ዓመቷ ነው የሄደችው፣ አረብኛ አንድ ቃል አታውቅም፣ ማዳም አማርኛ አታውቅም። ሦስት ወር በጣት ብቻ ኖሩ። ማዳም ትጠቁማለች፣ እሷ ትሠራለች። የልብስ ማጠቢያ ማሽኑን፣ የየትኛው ክፍል ጨርቅ የትኛው እንደሆነ፣ ለሕፃኑ ወተት ስንት ማንኪያ እንደሚገባ፣ እንግዳ ሲመጣ የትኛው ሲኒ እንደሚወጣ፣ ሁሉንም ያዘችው። የሰማቻቸው ቃላት ራሳቸው ነይ፣ ሂጂ፣ አምጪ ብቻ ነበሩ። ቤቱ ያበራል፣ ሰው ገብቶ ቢያይ ምንም የጎደለ ነገር የለም። ጥርሷን ሲያማት ጉንጯን ይዛ አሳየች፣ ክኒን ሰጧት፣ እሱም ተሳካ። ያልተሳካው ደሞዙ ነው። ገንዘብ በጣት ማሳየት ይቻላል፣ ግን ወሩ ካለቀ ቆየ፣ ለናቴ ልካችኋል ወይስ አልላካችሁም፣ ካልላካችሁ መቼ ነው፣ ስመጣ ግን እንዲህ ተብሎ ነበር የሚለው በጣት አይባልም። ሞክራዋለች፣ ማዳም ሳቀችና መጥረጊያ ሰጠቻት።

መልስ 32 አልቅሼ አነበብኩት አለች። መልስ 33 ይሄ የስደተኛ መብት ጉዳይ እንጂ ከጥያቄው ጋር ምን አገናኘው ብሎ ጠየቀ፣ እኔ ራሴ በመልስ 34 ገባሁና ጥያቄው ይሄው ነው አልኩት። እስከዛ ድረስ የማኅበረሰብ ሥራ ስል ዕቃው ደረሰ ወይ፣ ቤቱ ጸዳ ወይ ብቻ ነበር የማስበው። ትእዛዝ በጣትም በስካነርም ይተላለፋል። ያለ ቋንቋ የማይሆነው እምቢታው ነው፣ ተብሎ ነበር እኮ የሚለው ነው፣ ለምን የሚለው ነው። ያለ ንግግር የሚሠራ አገር ቢኖር ሁሉም ነገር የሚሠራለት ሰውዬና የሚሠራው ሰውዬ አንድ አይሆኑም። መክፈቻዬ ላይ ይቻላል ያልኩትን ሰርዣለሁ፣ ያላያችሁ እዩት።

መልስ 35 አልተስማማም፣ አንጎል ላይ የሚተከል ቺፕ ሲመጣ ሐሳብ ለሐሳብ እንገናኛለን፣ ቋንቋ አያስፈልግም አለ። መልስ 36 ነርሷ ናት፣ በ2023 የወጡት ሁለቱ የካሊፎርኒያ ሙከራዎች መናገር ያቃታቸውን ሴቶች በደቂቃ 62 እና 78 ቃል እንዲናገሩ ማድረጋቸውን አስታውሳ፣ ማሽኑ የሚያነበው ግን ጥሬ ሐሳብ ሳይሆን ለመናገር ሲሞክሩ አንጎላቸው ለአፋቸው የሚልከውን ነው አለችው፣ እዛም የምናገኘው ቃል ነው። በዚህ ተለያዩ።

መልስ 37 ላይ ሰዎች ሲወተውቷት የቤይሩቷ እህታችን ተመለሰች። ፊት ለፊት ያለው ሕንጻ በረንዳ ላይ ልብስ የምታሰጣ ሐበሻ ልጅ ነበረች፣ እዛ ሦስት ዓመት ቆይታለች። ልብስ እያሰጡ ከበረንዳ በረንዳ ታስተምራት ነበር፣ መጀመሪያ እንድታስጠናት የጠየቀቻት በዲ መዓሺ ነው፣ ደሞዜን እፈልጋለሁ ማለት ነው። አንድ ሳምንት ለብቻዋ ስትለው ከርማ ጠዋት ቁርስ ላይ ሚስተሩ ባለበት አለችው። ማዳም ያልሰማ መሰለች። በማግስቱ ደገመችው። ሚስተሩ ተነስቶ ኩሽና ግድግዳ ላይ ያለውን ካሌንደር አውርዶ ወሮቹን ቆጠረ። የሁለቱን ከፈሉ፣ ሦስተኛው እስከ ዛሬ አልተከፈለም።

መልስ 38 መስማት የተሳነው ወንድማችን ነው፣ ማዳም ቤት ስትሆንስ እንዴት ታደርጉ ነበር ብሎ ጠየቃት። ያን ጊዜ አንነጋገርም ነበር፣ ቀይ የልብስ መቆንጠጫ ገመዱ ላይ ከታየ ማዳም አለች ማለት ነው፣ ሁለት ቀይ ከሆነ ዛሬ ጭራሽ አትውጪ ማለት ነው ብላ እዛው ሥር ጻፈችለት። ይቺን ምልክት ማን አስተማራችሁ ሲላት፣ ማንም፣ ሁለቱም ማዳሞች ገበያ የሄዱ ቀን ተነጋግረን ነው አለችው።